የቅዳሜው ክትትል

መርዕድ ሚስቱን መሰለል ከጀመረ ይህ አራተኛ ቅዳሜው ነው። ከቶተንሃም ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው ላለችው ሁለት ፌርማታ እንኳ አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው፣ በስተርጅና ዱካ ተከታታይ ሆኖ አረፈው። በራሱ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አያልፍም።

"ስብሰባ አለብኝ፤ አንተ ሶፋህ ላይ ዕረፍ" ብላው ነበር ፍቅርተማርያም፣ ሊፕስቲኳን እየተቀባች። የባቡር ቲኬቷን ግን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ለውሸት አልተፈጠረችም ሲል አሰበ መርዕድ። ለስለላ የተፈጠረው እሱ ነበርና።

ቲኬቱ ያደረሰው የዓለም ጫፍ ላይ ነው። ለወፎች ተብሎ የተከለለ የባሕር ዳርቻ፤ ካፌ የለ፣ ሽንት ቤት የለ፣ ጭቃና ሣር ብቻ። ለሰላይ የባሰው ደግሞ አንድ ዛፍ እንኳ አለመኖሩ ነው። እሷ ልትዞር ነው ብሎ በጠረጠረ ቁጥር ጭቃው ላይ በሆዱ ይተኛል። በቅርቡ የገዛችለት ቦት ጫማ ባይኖር ኖሮ እግሩ እዚያው ይቀር ነበር። ደግነቱ፣ አንድም ጊዜ አላየችውም።

ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም እሷም ቆማ ባሕሩን ታያለች። ውሽማዋን እየጠበቀች መሆን አለበት። መርዕድ የሚንሸራተት ሱሪውን ወደ ላይ ሳበ። በአንድ ወር ቅናት ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሮ ሻይ እንኳ በወጉ ማፍላት አያውቅም። ብትተወው ምን ይውጠዋል? እውነቱን ለመናገር፣ ከቅናቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር የሚበልጠው።

የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፂማም ፈረንጅ ብቅ አለ። ፍቅርተማርያም ፈገግ ብላ ሰላም አለችው። መርዕድ ጭቃው ላይ እንደገና ተኝቶ ጡጫውን ጨበጠ። ሰውየው ግን አልፏት መጣና ጭቃው ላይ ካለው መርዕድ አጠገብ ጎንበስ አለ።

"ምን ዓይነት ወፍ አየህ?" አለው በሹክሹክታ።

"ገና አልመጣም" አለ መርዕድ።

ፍቅርተማርያም የባሕሩን መከላከያ ግድብ ወጥታ ስልኳን አወጣች። አሁን ነው። መርዕድ ከግድቡ ሥር በእንብርክኩ ደረሰ። ምን ብሎ እንደሚለምናት አስቀድሞ ያስባል። ነፋሱ ድምፅዋን ወደ እሱ አመጣው።

"ሄሎ፣ ሲስተር ዳናዊት? ዛሬ ስምንት ማይል አስኬድኩት፤ ሰኞ ስኳሩን ቼክ አድርጊልኝ።"