እዚያ ማን ነበር?

«ይቺን መስመር ማን አሰመራት?» አለች እናት፣ ሦስቱን ደብዳቤዎች ከስፌት መኪናው አጠገብ ጎን ለጎን እየዘረጋች።

ልጅቷ ከመጽሐፏ ቀና አለች። ትናንት ደብዳቤዎቹን ሰርቃ ቤተ መጻሕፍት ወስዳቸው ስትመለስ የእርሳሱን መስመር ማጥፋት ረስታለች። የታሪክ ተማሪ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇ እርሳስ ከያዘ ሳያሰምር አያርፍም። ስለ ሟች ወንድሟ የተጻፈውንም ሳያሰምርበት አላለፈም።

«እኔ ነኝ እማዬ። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ነው ያሰመርኩት።»

«ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ነው ደስ ያለሽ?»

«አዎ፣» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

እናት መርፌው ሥር ያለውን የተማሪ ዩኒፎርም አስተካክላ ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ትንሽ ተንቀጫቀጨና ቆመ።

ደብዳቤዎቹ የመጡት ከአራት ወር በፊት፣ ወንድሟ ይሠራበት የነበረው የድንጋይ ካባ በተናደ በሳምንቱ ነው። አንዱን የቡድን መሪው፣ አንዱን ሹፌሩ፣ አንዱን ድንጋይ ጠራቢው ጻፉት። የእናት ዓይን ደቃቅ ጽሑፍ አይችልምና ቅዳሜ ቅዳሜ የምታነብላት እሷ ናት። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው። «ልጅዎ አልተሠቃየም። ምሳውን በልቶ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ ጥላ ውስጥ ሸለብ አድርጎት ነበር። ምንም ሳይሰማው ሄደ።» እናቷ ሌሊቱን የምትገፋው በእነዚህ ቃላት እንደሆነ ልጅቷ ታምን ነበር።

ነገሩን ያበላሸው የሮም ታሪክ ነው። አስተማሪዋን ተማሪዎቹ «ዳኛው» ይሏቸዋል፤ ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት የሆነውን ሰው ሳይቀር መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርቡለታል። በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ንጉሠ ነገሥት አሟሟት የጻፉ ሦስት ጸሐፊዎችን ሰጥተው አመሳክሩ አሉ። «ከሁሉ በፊት፣ እዚያ ማን ነበር? በሉ» አሉ። «ሦስት ሰው አንድ እውነት ቢያወራ ሦስት ምስክር ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ከተሳሳተ ግን ምስክሩ አንድ ነው፤ የቀሩት ገልብጠው ነው።» ክፍሉ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ስትል የወንድሟ ሬዲዮ ትዝ አላት።

ሬዲዮው ካባው ጋ አልነበረም። ወንድሟ ለመጨረሻ ጊዜ ለዕረፍት የመጣ ጊዜ ማዞሪያው ተሰብሮበት፣ «አሠሪልኝ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ» ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቶት ሄዷል። እየሮጠች ቤት መጥታ ደፉን ብታየው ባዶ ነው። መቼ እንደተነሳ እንኳ አላስተዋለችም። እማዬ ለሆነ ሰው ሰጥታው ረስታዋለች፤ እንግዲያ አልነቃችም ብላ እፎይ አለች። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱን ደብዳቤ እንደ ሮማውያኑ ጎን ለጎን ያስቀመጠችው። ሬዲዮውም፣ ጥላውም፣ ሸለብታውም ቃል በቃል አንድ ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አለች እናት። «መቼም የተማርሽ ነሽ። ሦስት ሰው አንድ ነገር ከተናገረ እውነት ነው አይደል?»

ይህን ጥያቄ ነበር ስትፈራ የሰነበተችው። ለሮም ንጉሥ ያልሳሳች ለእናቷ ሳሳች።

«እውነት ነው እማዬ። ሦስት ምስክር ከበቂ በላይ ነው።»

እናት ጎንበስ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ የምታጠራቅምበትን ከረጢት ከመኪናው ሥር ሳበች፤ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ልጅቷ ገና ሳይፈታ አወቀችው። የወንድሟ ሬዲዮ ነው።

«የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ቀን ነው የደበቅሁት፣» አለች እናት። «አንቺ እንዳታይው። አንዳችን እንኳ እንተኛ ብዬ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ ልጄ። ሦስት ቀሚስ አንድ ቦታ ላይ ከጠመመ ጥፋቱ የመርፌው አይደለም፤ ሦስቱም የተቆረጡበት ቅድ ነው።»

ልጅቷ ተነሥታ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «ክፉ ሰዎች አይደሉም፤» አለች። «እንዳይከፋሽ ብለው ነው።»

«መቼ ጠላኋቸው? ሦስት ጎልማሳ ተሰብስቦ እናቱን ምን እንበላት ብሎ ተጨንቆ። እግዜር ይስጣቸው።» የእናት ጣት የእርሳሱን መስመር ተከትሎ ሄደ። «እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱው ነው። ይህን ያህል የተጨነቁት፣ ያዩት ነገር ምን ቢሆን ነው?»

ልጅቷ ፊቷን እናቷ ጉልበት ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ እናትም በላይዋ አለቀሰች። ዩኒፎርሙ መርፌው ሥር እንደተወጋ ቀረ።

«በይ በቃ፣» አለች እናት በመጨረሻ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። አንብቢልኝ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

ልጅቷ የቡድን መሪውን ደብዳቤ አነሣች። «ልጅዎ አልተሠቃየም፣» ብላ ጀመረች፤ ድምጿ ተሰብሮ እንደገና ተቃና። «ምሳውን በልቶ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ...»

እናት የተሰበረውን ሬዲዮ ከጭኗ ላይ አነሣች፤ ጆሮዋ ሥር አድርጋው ዓይኗን ጨፈነች።