አንድ መስመር፣ ሁለት ማስተካከያ

በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ያለ ደመወዝ የሚጽፉት አንድ ከርነል ነበር። ከርነል የኮምፒውተሩ እምብርት ማለት ነው፤ እሱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። ለዚህ እምብርት ማንም የላከው ማስተካከያ «በረኛው» የሚሉት ሰውዬ ሳያሳልፈው አይገባም። ሥልጣኑ ይቺው ናት፤ እሱ ግን የገነትን ቁልፍ የያዘ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ማስተካከያዎች ደረሱት። ሁለቱም የሚነኩት የከርነሉን አንዱኑ የጽሑፍ መስመር ነውና አብረው አይገቡም፤ አንዱ መጣል አለበት። የመጀመሪያው፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ የመጣው «ሽማግሌው» በሚባሉት አንጋፋ ስም ነው። ፊታቸውን ያየ የለም፤ ሥራቸውን የማያውቅም የለም። ሁለተኛውን የላከችው አንዲት አዲስ ልጅ ናት።

በረኛው የሽማግሌውን ስም ሲያይ ተነሥቶ እጅ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ሥራውን አንዴ እንኳ በወጉ ሳያነብ አሳለፈው። የልጅቷን ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየና በአፍንጫው ሳቀ። የአጻጻፍ አካሄዷ፣ ለየክፍሉ ስም አወጣጧ ሳይቀር ቁርጥ የሽማግሌው ነው።

«በሰው ወርቅ አይደመቅም፣ እህቴ!» ብሎ ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ ጻፈላት። «ስትሰርቂ እንኳ አታውቂበትም።»

ወሬው ተቀጣጠለ፤ «ትባረር!» የሚለው በዛ። ዓመታዊው ስብሰባ ሲደርስ ጉዳዩ አዳራሽ ቀረበ።

ሰብሳቢዋ ጠንቃቃ ሴት ነበረች።

«ክስህ ከባድ ነው» አለችው። «ለመሆኑ ሽማግሌውን ጠይቀሃቸዋል?»

በረኛው ኮቱን አስተካከለ። በዚያ አዳራሽ ከሽማግሌው ጋር ተነጋገርኩ ማለት ከሹመት በላይ ነው።

«እንዴታ! ትናንት በስልክ ስንጫወት ነበር። ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ‹ልፋቴን ዘረፈችኝ፣ ልጄ› አሉኝ። እኚህን የመሰሉ ሰው ታስለቅስ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ገላመጧት። አጠገቧ የነበረው ሰው ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ።

«መልስ አለሽ?» አለቻት ሰብሳቢዋ።

ልጅቷ ተነሣች።

«ሁለቱንም የላክኋቸው እኔ ነኝ፤ ሥራው ይነበብ እንደሁ ለማየት አንዱን በሽማግሌው ስም ላክሁት» አለች። «ሽማግሌው አባቴ ነበር፤ ከቀበርነው ዓመት ሞላው።»