አራተኛው ምት

መዶሻው ሲያርፍ የልጅቷ ብየዳ እንደ ደረቅ ብስኩት ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ብረት ተፈናጥሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመና ከተማሪዎቹ እግር ሥር ወደቀ።

«ዜሮ» አለ መምህሩ፤ የተሰበረው ብረት ላይ በጠመኔ ክብ ሠራበት። «ውስጡን እዪው። ከላይ ቀባሽው እንጂ አልበየድሽውም። ቀጣይ!»

ልጅቷ ብረቷን ለቅማ ወደ ኋላ ሄደች። የሳቀ የለም። ግድግዳው ላይ መምህሩ ራሱ በቀይ ቀለም የጻፈው የፈተና ሕግ ተለጥፏል፦ ሦስት ምት። ከሦስቱ በፊት የተሰበረ ዜሮ፣ ሦስቱን የቻለ ሙሉ ውጤት። የሰው ሥራ ያቀረበ ይባረራል፤ የሠራለትም እንደዚያው። ትምህርት ሲጀመር ጮክ ብሎ አንብቦላቸው፣ «የእናቴ ልጅ ቢሆን እንኳ አልምርም» ብሎ ነበር። የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ያን ጊዜ ወርክሾፑ ጥግ፣ ከዕቃ ቤቱ የሽቦ በር ጀርባ ተቀምጦ ብሎን ይለይ ነበር። ያስቀጠረው መምህሩ ራሱ ነው።

ቀጣዩ ግንዱ ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ትከሻው በር ይዘጋል። ይህን ኮርስ ሁለቴ ወድቋል፤ አሁን ከደገመው ኮሌጁን ይሰናበታል። ሥራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣና ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ መንጋጋ ውስጥ አስገባው።

«ቀስ ብለው ይምቷት መምህር፣ የድሃ ልጅ ናት።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብሎ የሞርሳውን እጀታ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ፤ ያን ጊዜ አየው። የብየዳው መስመር እኩል እኩል ተደርድሮ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ በጉብታ ቆሟል። ሥራውን እንዲህ የሚጨርስ ሰው ሁለት ብቻ ያውቃል። አንዱ አባቱ ነው፤ እሱ ሞቷል።

ቀና ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለከተ። ታናሹ የሽቦ በሩን ተደግፎ ያያል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አቀረቀረ። ሰሞኑን ታናሹና ግንዱ ምሳ አብረው ሲበሉ አይቶ፣ ወንድሜ ጓደኛ አገኘ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ብየዳው ከተሰበረ ግንዱ እንደ ማንም ወድቆ ይሄዳል፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ከቻለ ግን ክፍሉ በሙሉ ይጠይቃል። የግንዱ እጅ እንዲህ እንደማይበይድ የማያውቅ የለም።

መታ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

ለሁለተኛው መዶሻውን ከጀርባው አመጣው። ብረቱ ትንሽ ጎበጠ፤ ብየዳው እንዳለ ነው።

«ኧረ ጉድ!» አለች አንዷ ከኋላ።

ሦስተኛውን ሲያሳርፍ እያቃሰተ ነበር። መዶሻው ነጥሮ እስከ ክርኑ ነዘረው።

«ሦስት!» ግንዱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ቻለች! ሙሉ ነው!»

መምህሩ መዶሻውን አነሳና አራተኛውን መታ።

«መምህር፣ ሦስት እኮ ነው።»

«ዞር በል።»

«የጻፉት እርስዎ! ይኸው፣ ሦስት ነው የሚለው!»

አምስተኛውን ሊያወርድ ሲል ግንዱ ክንዱን ያዘው። መምህሩ በክርኑ አገጩን አለው፤ ግንዱ ምላሱን ነከሰና ደም ተፋ። ከዚያ በኋላ አንቱታም ቀረ።

«ምን አደረግኩህ? እ? ምን አደረግኩህ!» ግንዱ የመምህሩን አንገት አንቆ ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የመበየጃ ኤሌክትሮድ ካርቶን ተገልብጦ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ የመምህሩ መነጽር ወድቆ ከጫማቸው ሥር ተፈረከሰ። መምህሩ በጉልበቱ ሆዱን መታው፤ ሲጎብጥለት ደግሞ ጆሮውን በቡጢ። ተማሪዎቹ «ገላግሉ! ኧረ ገላግሉ!» ይላሉ እንጂ የሚጠጋ የለም፤ መዶሻው ገና በመምህሩ እጅ ነው። ግንዱን ገፍትሮ ጣለውና ወደ ሞርሳው ዞረ። ያለ መነጽር ብረቱ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ መዶሻውን ሰነዘረ።

«ጋሼ፣ ተወው!»

ወርክሾፕ ውስጥ ታናሹ እንደ ሁሉም መምህር ብሎ ነው የሚጠራው፤ ጋሼ የሚለው ቤት ነው። መምህሩ ድምፁን ሰማ። ክንዱ ግን ቀድሞ ወርዷል፤ ታናሹም ከዕቃ ቤቱ ሮጦ መጥቶ ብረቱን ነቅሎ ሊያወጣ ጨብጦት ነበር።

የአጥንት ድምፅ ከብረት ድምፅ ይለያል። ክፍሉ በሙሉ ለየው።

ታናሹ ሞርሳው ሥር ተቀመጠ፤ ቀኝ እጁን በግራው ደረቱ ላይ ታቀፈው። ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል፤ ደሙ በእጅጌው ውስጥ ይወርዳል። ግንዱ እየዳኸ መጥቶ ሸሚዙን አወለቀና ይጠቀልልለት ጀመር። «ምንም አትበል» ይለዋል በጆሮው፣ «በናትህ፣ ምንም አትበል።»

መምህሩ በወዲያ በኩል ተንበረከከ። «ቢሰበር ማንም አይጠይቅም ነበር» አለ፣ ወንድሙ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «ለዚያ ነው። ለዚያ ብዬ ነው።»

ታናሹ የሚያየው ግን ሞርሳውን ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላ የቆሙት እንኳ በሚሰሙት ድምፅ፣

«የኔ ብየዳ አይሰበርም፣ ጋሼ» አለ።

መምህሩ መዶሻውን ሊያስቀምጥ ፈለገ፤ ጣቶቹ አልፈታ አሉት። ከላያቸው፣ ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ፣ ብረቱ ጎብጦ ቆሟል። ትንሿ ጉብታ በደም ርሳ እንደነበረች ናት።