የክምሩ ሦስተኛ ቀን

የከሰሉ ክምር ግራ ትከሻው ሲሰምጥና የወርቅአየሁ ልብ መደለቅ ሲጀምር አንድ ሆነ። በሰመጠው ላይ ክንድ ያህል ስንጥቅ ተከፈተ፤ ጭሱ በመተንፈሻው መውጣቱን ትቶ በዚያ ይፈልቅ ጀመር። አካፋዋን አንሥታ ሮጠች። እግሯ ግን የእሷ አልመስል አላት።

ከአፈሩ ሥር ቀስ ብሎ እየከሰለ ያለው የአምስት ዓመት ዲከረንስ ግራር ነው፤ እሷና ባሏ መሳፍንት ከችግኝ ጀምረው ያሳደጉት ማሳ ሙሉ ዛፍ። ከሰሉ ደርሶ ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ጠባቂው ከክምሩ አይርቅም። የተሰነጠቀው ቶሎ አፈር ካልለበሰ አየር ይገባዋል፤ አየር ከገባው ያ ሁሉ ዛፍ በግማሽ ቀን አመድ ነው። መሳፍንት ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ ሊገዛ ዳንግላ ወርዷል፤ እስከ ማታ አይመለስም። ያለችው እሷ ብቻ ነች። ልብ ደግሞ ለሰው ይመቸው አይመቸው ብሎ አይጠይቅም።

አንድ አካፋ፣ ሁለት አካፋ ጣለችበት። አፈሩ ደረቅ ነበር፤ እንደ ዱቄት በስንጥቁ ገብቶ ጠፋ። ጣቶቿ ደነዘዙ። «አሁንስ ሞትሁ» አለች ለራሷ። ይህን ቃል በደንብ ታውቀዋለች። ስንት መቶ ጊዜ ብላዋለች፤ አንድም ቀን እውነት ሆኖ አያውቅም፤ እሷም አንድም ቀን ሳታምነው ቀርታ አታውቅም።

ከታች፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፋ። ሮጣ ብትደርስበት በሩብ ሰዓት ከተማ ነች፤ ከተማ መድኃኒት ቤት አለ። ለዐሥር ቀን የታዘዘላትን የጭንቀት እንክብል አራት ዓመት የዋጠችው እንዲህ በሚኒባስ እየተመላለሰች ነው። መጀመሪያ ልተው ስትል እልኸኛ ናትና በአንድ ቀን ወረወረችው፤ በሳምንቱ እህቷ ደጃፍ ላይ ወድቃ ተንፈራገጠች። ከዚያ በኋላ ነው እንጅባራ ያለ አንድ የጤና መኮንን እንክብሉን በምላጭ እየሸረፈች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንድትቀንስ ያደረጋት። ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላት፣ «እናቱ ዶሮ እስከዚያ ከቆየችለት ነዋ» ብላው ነበር። ሰውየው ሳቀ፤ በምላጩ ግን አላስቸኮላትም።

የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ከዋጠች ሁለት ዓመት ሆናት። ጭንቀቱ ግን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ እንደ ዘመድ፣ ሳይጠራ።

ፊቷን ከጭሱ አዙራ አየር ሳበችና እስከ ስድስት እየቆጠረች ልታስወጣው ሞከረች። አራት ላይ አለቀባት። እንደገና ጀመረች።

እህቷ እመቤት ምሳ ቋጥራ፣ ትንሽ ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ በዛፎቹ መሐል ብቅ ያለችው ያን ጊዜ ነው። አየቻት፤ ቋጠሮውን ጣለችው። ስትደነግጥ አገውኛው ነው የሚቀድማት፤ አንድ ሁለት ቃል ተናግራ ወደ አማርኛው ተመለሰች።

«ፊትሽ አመድ መስሏል። መጣብሽ?»

«መጣ።»

«ያኔም እንዲሁ ነው የጀመረሽ።» የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከውስጡ አንዲት ነጭ እንክብል ወጣች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨው ዕቃዋ ሥር ደብቃ ያኖረቻት፣ ዛሬ ግን እህቷ ብቻዋን ናት ብላ ቋጥራት የመጣች። «ዋጪያት። ይቺን ብቻ። ለመሳፍንትም አልነግር።»

ወርቅአየሁ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችላት። በወደቀችበት ቀን ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ይዛ አገር ያስጮኸችው እመቤት ናት። ደግሞም እንክብሏን ፈለገቻት፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያች ቅጽበት ፈልጋት አታውቅም።

በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ፍም ታየ።

«ውሃውን አምጭልኝ» አለች።

እመቤት እፎይ አለች። ክዳኑን ከፈተችና በአንድ እጇ ጀሪካኑን፣ በሌላው እንክብሏን ዘረጋችላት። ወርቅአየሁ ጀሪካኑን ብቻ ተቀበለች፤ ደረቁ አፈር ላይም ገለበጠችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ደረቁ አልይዝ አለኝ።» ተንበርክካ ጭቃውን ታቦካ ጀመር።

«በምን ልትውጪያት ነው እንግዲህ?»

«እንጃ። ነይ እርጂኝ እታለም፣ እጄ ደንዝዟል።»

«ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ አንቺ አለሽ፣ ታነሽኛለሽ። ይሄ ከነደደ የሚያነሣው የለም።»

እመቤት እንክብሏን አየች። የእህቷን እጅ አየች፤ ደንዝዞም ጭቃውን እየዛቀ ስንጥቁ ላይ ይለጥፋል፣ ይዝቃል፣ ይለጥፋል። በአንድ እጅ የሚሆን ሥራ አልነበረም። እንክብሏን መልሳ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ነጠላዋን አውልቃ ጉቶ ላይ ጣል አደረገችውና አጠገቧ ተንበረከከች።

ቀዩ ጠፋ። ጭሱ ወደ መተንፈሻው ተመለሰ፤ ወፍራምና ነጭ ነው። ሰማያዊ እስኪሆን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። የወርቅአየሁ ልብ እንደ ቅድሙ ይደልቃል።

«ተወሽ?» አለች እመቤት።

«አልተወኝም» አለች። አካፋዋን ተደግፋ ተነሣች፤ በክምሩ ማዶ ሌላ ስንጥቅ እንዳለ ልታይ ዞረች። እመቤት ጭቃ እጇን እንዳንጠለጠለች ተከተለቻት። ነጠላው ጉቶው ላይ ቀረ።