የሽባባው ልጆች

መምህር ስማቸው እንጅባራ ከተማ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። ከተማሪዎቹ ግማሹ ያንቀላፋሉ፤ እሱም "እኔ የተቀጠርኩት ለማስተኛት ነው" እያለ በራሱ ይስቃል።

ዘንድሮ ግን ታሪክ ለራሱ አስፈለገው። ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ያለችውን ሶስናን ማግባት ፈልጓል፤ በሁለቱ መንደሮች መካከል ደግሞ ደም አለ። በቅድመ አያቶች ዘመን፣ ጥምቀት ላይ፣ የእሱ መንደር ሰው የእሷን መንደር ሰው በጉግስ ገድሏል። የእሱ ወገን "ፈረሱ ነው ያመለጠው" ይላል፤ የእሷ ወገን "ሆን ብሎ ነው" ይላል። ከዚያ ወዲህ ልጅ አይሰጣጡም። የቀበሌ ሊቀመንበር ሲመረጥ እንኳ የሚወዳደረው ያ ፈረስ ነው።

ስማቸው ሽማግሌ ላከ። የሶስና አባት አቶ እንግዳው "ደም ሳይታረቅ ልጅ አልሰጥም" ብለው መለሷቸው።

ክረምቱን በሙሉ በጭቃ ሲንከራተት፣ ሽማግሌ ሲጠይቅ ከረመ። አንድ ነገር ታዘበ፦ አንዱ መንደር ዘሩን ሲቆጥር ገዳዩ ላይ፣ ሌላው ሟቹ ላይ ደርሶ ዝም ይላል። ግምጃ ቤት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት እማማ ደጊቱ ብቻ ዝም አላሉም።

"የሁለቱም አባት ሽባባው ነው" አሉት። "ወንድም ወንድሙን ገደለ ከማለት፣ ባዳ ገደለን ማለት ቀለላቸው።"

"ይህን በሰው ፊት ይናገሩልኛል?"

"እናገራለሁ። አንተን ግን ምን አስቸኮለህ?"

ስማቸው እርጅናቸው ነው ብሎ አለፈው። በመንገዱ ሁሉ ራሱን የታሪክ ሊቅ አድርጎ ሾመ።

በዕርቁ ቀን ሁለቱ መንደሮች ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። እማማ ደጊቱ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ስማቸው አስረዳ። አንድም ሰው አላንቀላፋም። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፣ ተቃቀፉ። የሶስና እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ስማቸው ደስታ ነው አለ። ሶስና ቀና ብላ አላየችውም፤ ይህንንም ዓይን አፋርነት ነው አለ።

የቀሩት አቶ እንግዳው ብቻ ነበሩ። ፊታቸው አልተፈታም። ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ስማቸው መጡ። አቅፈው ሳሙት።

"ልጄ" አሉት።

ስማቸው ደስታውን መቻል አቃተው። "እንግዲህ ደሙ ከታረቀ፣ ስለ ሶስና..."

"ስለ እሷ ብቻህን አትጨነቅ" አሉት ትከሻውን ይዘው፤ "ለእህትህ የሚሆን ባል ካሁን ወዲያ አብረን ነው የምንፈልግላት።"