ትርንጎና ጯሂው ሳህን

ትርንጎ ከወልድያ አዲስ አበባ ድረስ የመጣችው ልጇን ብርቄን በእጇ ልታጎርስ ነው። የዛሬ ከተማ ሳህን ግን ባለቤቱን ያውቃል፤ ከላዩ አንስተው ሌላ ሰው ሲያጎርሱ ይጮኻል። "ደጅ ላይ ማን ይሰማዋል?" ብላ ዛፍ ሥር የሚያበላ ምግብ ቤት ስትፈልግ አረፈደች፤ አገኘችም።

ጥብሱን ጠቅልላ ወደ ብርቄ አፍ ስታስጠጋ ሳህኑ እሪ አለ።

"እማዬ፣ ተይ፣ ያስወጡናል!"

"ያስወጡን! ሦስት ዓመት የጓጓሁለትን ጉርሻ ሳህን ፈርቼ ልተወው?"

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። "እናቴ፣ ማጉረስ ክል…"

ጉርሻውን አፉ ውስጥ ወተፈችው። ሳህኑ ባሰበት። ጥበቃው አላመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"በርበሬው ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። የሳህኑን መጮኺያ ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ አጠገባቸው ቁጭ አለ። "ሁለተኛውስ?"

"ቆይ አንተ! መጀመሪያ ልጄ!"

ብርቄ አፏን ከፍታ ትጠብቅ ነበር።