የታጠፈው ኤፕሮን

ኣበባ የራጅ ክፍሉን ብቸኛ ኤፕሮን እንደ ታማሚ ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ራጅ አነሳችው። ጨረር የሚከላከለው እርሳስ ውስጡ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚታየው በዚህ ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ማንም ራጅ አንስቶት አያውቅም ነበር። ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። መሃሉ ላይ ብቻ፣ ሆድ በሚያርፍበት ቦታ፣ ጨረሩ ያለፈበት ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ነበር።

መስመሩን አወቀችው። ሌሎቹ መስቀያው ላይ ጣል አድርገውት ሲሄዱ፣ ማታ ማታ እያወረደች እንደ ክት ነጠላ እኩል አጥፋ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። እርሳሱ በእሷ እጅ ታጥፎ ታጥፎ ተሰብሯል።

ባልደረባዋ ትምኒት የገፋ ሆዷን አስቀድማ ገባች።

«ሓፍተይ፣ ኤፕሮኑን አቀብዪኝ። ከዓይናለም ሰፈር የመጣው ሕፃን እናቱ እጇ ተሰብሯል፤ ራጅ ሲነሳ ልጁን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ቆዪ... ዛሬ እኔ ልያዘው።»

«ምን ሆነሻል? እስካሁን እኔንም ልጄንም የጠበቀን እሱ አይደለም እንዴ?» ትምኒት ሳቅ ብላ ሆዷን ዳበሰች። «አንቺም እንደ ዐይንሽ ብሌን ይዘሽልን።»

ኣበባ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አየች። እጆቿ ግን ኤፕሮኑን አንስተው፣ እንደ ልማዳቸው፣ በዚያው መስመር ላይ ማጠፍ ጀምረው ነበር።